ሆድ ሲታወክ መድኃኒቱም ይጠየቅ

የቀድሞ ሰው ኮሶ የሚጠጣበትን ቀን አስቀድሞ ይቆርጥ ነበር። በዚያን ቀን ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ ቢመጣም «ኮሶ ጠጥቷል» ተብሎ ይመለሳል። መድኃኒቱ ለጥቅም የተጠጣ ቢሆንም አንጀቱን እንደሚያናውጠው ጠጪውም ቤተ ሰቡም ያውቃሉ፤ ልኩን ያለፈ እንደ ሆነም ጉዳት እንደሚያመጣ አይጠፋቸውም። ስለዚህ ከኮሶ በኋላ ሆዱ ቢታወክ «ይህ ደግሞ ከምን መጣ?» ብሎ የሚደነቅ አልነበረም።

የዛሬው መድኃኒት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተሸፍኖ፥ ምሬቱ ሳይታወቅ፥ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይወርዳል። ለጥርስ የተዋጠው ለጥርስ፥ ለወገብ የተዋጠው ለወገብ ብቻ የሚሠራ ይመስለናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆድ ሲታወክ ያ ክኒን ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። በዛሬው ዓምዳችን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም አንዳንድ መድኃኒቶች ትልቁን አንጀት እንደሚጎዱ፥ ጉዳቱም በምን እንደሚታወቅ ነው።

የአንድ ወዳጃችን ነገር

አንድ ወዳጃችን በመዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው፤ ቀን ይሠራል፥ ማታ ይማራል። ፈተና ሲቃረብ ጥርሱን ታመመና መንጋጋው አበጠ። የጥርስ ሐኪሙ ክሊንዳማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለሰባት ቀን አዘዘለት። እርሱም ሰዓቱን ሳያዛንፍ ዋጠ፤ እብጠቱም ጎደለለት፤ ፈተናውንም በሰላም ተፈተነ።

መድኃኒቱን ከጨረሰ ከአሥር ቀን በኋላ ግን ተቅማጥ ያዘው። በመጀመሪያው ቀን አራት ጊዜ፥ በማግሥቱ ስምንት ጊዜ ተቀመጠ። የቢሮ ጓደኞቹ «አሜባ ነው» አሉት። «ምሳ የምትበላበት ቤት ነው ያመጣብህ» ያለውም ነበረ። ሐኪም ሳያየው የአሜባ መድኃኒት ገዝቶ ዋጠ። ጥቂት ቀን የተሻለው መሰለ፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ሕመሙ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ አንቲባዮቲክ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ ትኩሳት መጣ፤ ሆዱ ተነፋ፤ ከአልጋው ተነሥቶ መቆም አቃተው። እናቱና አንድ ጎረቤት ደግፈው ሆስፒታል አደረሱት።

የተቀበሉት ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሆዱን ዳስሰው ሲያበቁ፥

«ልጄ፥ ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት ምን ምን መድኃኒት ወሰድህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«የአሜባ መድኃኒት ነው፥ ዶክተር። አንድ ሌላም ለተቅማጡ ጨምሬአለሁ።»

«ተቅማጡ ሳይጀምርህ በፊትስ?»

«ምንም አልወሰድሁም።»

እናቱ በበሩ አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበርና «የጥርስህንስ ለምን አትነግራቸውም?» አሉ።

«እሱማ የጥርስ ነው እንጂ የሆድ አይደለም፥ እማዬ።»

ሐኪሙ ብዕራቸውን አነሡና «እኔ የምፈልገው እሱን ነበር» አሉ።

ዓይነ ምድሩ ሲመረመር አሜባ አልተገኘበትም። የተገኘው መርዝ የሚያመነጭ ሌላ ባክቴሪያ ነው። ወዳጃችን በሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ ዳነ። ነገር ግን ሐኪሙ ኋላ እንደ ነገሩት፥ ሌላ ሳምንት በግምት መድኃኒት ሲዋጥ ቢቆይ ኖሮ አንጀቱ ሊበሳ፥ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችል ነበር። ያተረፈው የእናቱ አንድ ቃል ነው።

አንቲባዮቲክ አንጀትን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ትልቁ አንጀት፥ ደንዳኔ የሚባለው፥ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዋና ሥራው ከምግብ ጥሬ የተረፈውን ውሃና ጨው እየመጠጠ ለሰውነት መመለስ ነው። በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት የሚመስለው ሰው አለ፤ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። እነዚህ ነዋሪዎች ቦታውን ሞልተው ስለ ያዙት ክፉው ባክቴሪያ የሚያርፍበት ስፍራ አያገኝም።

አንቲባዮቲክ በደም ውስጥ ገብቶ የጥርሱን ተባይ ሲገድል፥ በአንጀት ያሉትን ሰላማዊ ነዋሪዎችም አብሮ ይገድላል፤ ወዳጅን ከጠላት ለይቶ አያውቅም። ሰብሉ የጠፋበት ማሳ አረም እንደሚወርሰው፥ ባዶ የቀረውን አንጀትም ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ ይወርሰዋል። ይህ ባክቴሪያ የሚያወጣው መርዝ የአንጀቱን ሽፋን ያቆስለዋል። ሐኪሞች በመመልከቻ መሣሪያ ሲያዩት በቁስሉ ላይ ነጣ ቢጫ የሆነ ልባስ እዚህም እዚያም ተለጥፎ ይገኛል።

ይህ ነገር እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1893 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፥ ጆን ፊኒ የተባሉ ቀዳጅ ሐኪም ጨጓራዋን የቀደዱላት አንዲት ወጣት ሴት በተቅማጥ ሞታ፥ በአንጀቷ ውስጥ እንዲህ ያለው ልባስ መገኘቱን ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ አንቲባዮቲክ ገና አልተሠራም ነበርና፥ በሽታው ያለ መድኃኒትም ሊመጣ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። በ1935 ደግሞ ሆልና ኦቱል የተባሉ ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ከጤነኛ ሕፃናት ዓይነ ምድር ለይተው አገኙት። በቤተ ሙከራ ለማራባት አስቸጋሪ ስለ ሆነባቸው በላቲን «ዲፊሲል»፥ ማለት አስቸጋሪ፥ የሚል ስም ሰጡት። ሕፃናቱ ግን ጤነኞች ስለ ነበሩ ያ ባክቴሪያ የበሽታ ምክንያት ነው ብሎ የጠረጠረ ብዙ አልነበረም።

በ1974 በሴንት ሉዊስ ከተማ ቴደስኮና ጓደኞቻቸው ክሊንዳማይሲን የወሰዱ 200 ሕመምተኞችን ተከታተሉ። 42ቱ ተቅማጥ ያዛቸው፤ በመሣሪያ ሲታዩም በ20ዎቹ አንጀት ውስጥ ያ ልባስ ተገኘ። ስለዚህ መድኃኒቱ መከሰሱ ተገቢ ሆነ። ነገር ግን መድኃኒቱ ራሱ አንጀቱን መርዞት ይሆን? መልሱ የመጣው በ1978 ነው። ጆን ባርትሌትና ሌሎችም ተመራማሪዎች መርዙ የሚመነጨው ከዚያው ከአስቸጋሪው ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጡ። መድኃኒቱ ቤቱን ባዶ አድርጎ በሩን ከፈተ እንጂ የገባው ሌባ ሌላ ነበር።

በር የሚከፍተው ክሊንዳማይሲን ብቻ አይደለም። ሴፋሎስፖሪን የሚባሉት፥ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ወገኖቹ፥ አሞክሲሲሊንም ጭምር ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ። ሕመሙ መድኃኒቱ እየተዋጠ ሳለ ሊጀምር ይችላል፤ ካለቀ ከብዙ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሰውን የሚያሳስተው ይህ መዘግየቱ ነው።

ወዳጃችን በአሜባ መድኃኒት ጥቂት የተሻለው ለምን ነበር? ሜትሮኒዳዞል የተባለው የአሜባ መድኃኒት ይህንንም ባክቴሪያ በመጠኑ ስለሚያዳክም ነው፤ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ሐኪሞች ለዚሁ በሽታ ያዙት ነበር። አሁን በሚዋጥ ቫንኮማይሲን ወይም ፊዳክሶማይሲን በተባለ መድኃኒት ማከም ይመረጣል። እንግዲህ «የአሜባ መድኃኒት ስወስድ ተሻለኝ፤ ስለዚህ አሜባ ነው» ማለት ሁልጊዜ ትክክለኛ ማስረጃ አይሆንም።

በሽታው ደጋግሞ ለተመለሰባቸው ሰዎች የተገኘው ሕክምና ደግሞ የሚያስገርም ነው። በ1958 አይዝማን የተባሉ ሐኪምና ጓደኞቻቸው በዴንቨር ከተማ፥ አንጀታቸው በዚያ ልባስ ለታመመባቸው አራት ሰዎች ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር የተዘጋጀ ፈሳሽ በፊንጢጣ ሰጥተው እንደ ዳኑላቸው ጻፉ። በ2013 በኔዘርላንድስ የወጣው ጥናትም ይህን አጠናከረ። በዚህ መንገድ ከታከሙት 16 ሰዎች 15ቱ ሲድኑ፥ በቫንኮማይሲን ብቻ ከታከሙት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ነበሩ። ለመስማት ይቀፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ከአንጀት የተባረሩት ነዋሪዎች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በሽታው እንደሚለቅ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

የሕመም ማስታገሻውስ?

ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ወገቡን፥ ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ተማሪ ራሱን ይታመማል። ወዲያው ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ይዋጣል። አንድ ሁለት ቀን ሲዋጥ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ወራትና ዓመታት ሲዘልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ ሕመምን የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዳይሠሩ በመከልከል መሆኑን ገለጹ፤ በዚህም ሥራ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሕመምንና እብጠትን ቢያመጡም፥ በሌላ ወገን የጨጓራንና የአንጀትን ሽፋን ይጠብቃሉ። ማስታገሻው ሕመሙን ሲያስቆም ጠባቂውንም አብሮ ያነሣዋል።

ማስታገሻ ጨጓራን እንደሚጎዳ ብዙ ሰው ሰምቷል። ስለዚህም ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ደርቦ ይወስድና «አሁንስ ተጠብቄአለሁ» ይላል። ኦሜፕራዞል ግን የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል እንጂ ከጨጓራ በታች ያለውን አንጀት ከማስታገሻው አይጠብቅም። ቀስ እያለ እንዲሟሟ የተሠራው ክኒን ደግሞ ጨጓራን አልፎ ወደ ታች ይወርድና ትልቁን አንጀት በተለይ በቀኝ በኩል ሊያቆስለው ይችላል። ቁስሉ ሲቆይና ሲጠግግ አንጀቱን እንደ ቀለበት እያጠበበ ማለፊያ እስከ መከልከል የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ይህ ጉዳት እንደ ተቅማጡ ጮኾ አይመጣም። ደሙ በጥቂት በጥቂቱ ከዓይነ ምድር ጋር ተደባልቆ ስለሚወጣ በዓይን አይታይም። ሰውየው ይገረጣል፤ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ደሙ ሲመረመር ማነሱ ይታወቅና የብረት ክኒን ይሰጠዋል። ማስታገሻውን ካላቆመ ግን በአንድ በኩል እየተሞላ በሌላው በኩል ይፈስሳል። ፓራሲታሞል ከነዚህ ወገን አይቆጠርም፤ ሆኖም ከልኩ ሲያልፍ ጉበትን ስለሚጎዳ እርሱም ልክ አለው።

ሌሎችም አሉ

ለካንሰር ሕክምና የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ አዳዲስ መድኃኒቶች ወጥተዋል፤ ከነዚህ አንዱ ኢፒሊሙማብ በአሜሪካ በ2011 ተፈቅዷል። የነቃው መከላከያ አንዳንድ ጊዜ የገዛ አንጀቱን እንደ ጠላት ይወጋዋል። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ፖታስየምን ለመቀነስ የሚሰጥ ሙጫ መሰል ዱቄት አለ፤ እርሱም አንጀትን ማቃጠሉ ከ1987 ጀምሮ ተጽፏል። ሰና ያለባቸውን የማስቀመጫ መድኃኒቶች ለረዥም ጊዜ የሚወስድ ሰው ደግሞ የአንጀቱ ሽፋን ይጠቁራል። ይህ ግን ለዓይን የሚያስደነግጥ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ሲቀር ከወራት በኋላ የሚለቅ ነው።

በተለይ እናትና አባት ላላቸው አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንጨምር። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ለወራት የማያቋርጥ ውሃ መሰል ተቅማጥ ሊይዛቸው ይችላል። አንጀታቸው በመሣሪያ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል። ከሽፋኑ ቅንጣት ተወስዳ በማይክሮስኮፕ ስትታይ ግን በሽታው ይገለጣል። ማስታገሻዎችና እነ ኦሜፕራዞል ከዚህ በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ታውቋል። ስለዚህ ዓይን ምንም አላየም ተብሎ ምርመራው እንዲያበቃ አይገባም።

በምን ይታወቃል?

ሐኪሙ ይህን ጉዳት እንዲያውቀው አራት ጥያቄዎች ይረዱታል። አንደኛ፥ ባለፉት ሦስት ወራት ምን ምን ተወሰደ? ሁለተኛ፥ መድኃኒቱ የተጀመረው በስንት ቀን ነው፥ ሕመሙስ? ሦስተኛ፥ መድኃኒቱ ሲቆም ሕመሙ ቀነሰ ወይ? አራተኛ፥ ከዚህ በፊት ያው መድኃኒት ሲወሰድ እንዲሁ ሆኖ ነበር ወይ? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ማይክሮስኮፕ የለም፤ መልሱ በሕመምተኛው አፍ ነው ያለው።

ይህን ስንል ግን ተቅማጥን ሁሉ በመድኃኒት እናሳብብ ማለታችን አይደለም። በአገራችን አሜባም ሌላውም የተቅማጥ ተሕዋስ በእውነት አለ። ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣው ተቅማጥም አብዛኛው ቀላልና በራሱ የሚያቆም ነው። ደግሞም አሜባ ያቆሰለውን አንጀት በስሕተት ሌላ ቁስል ነው ብሎ የሰውነትን መከላከያ በሚያደክም መድኃኒት ማከም ሰውን እስከ መግደል ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ዓይነ ምድሩን ማስመርመር፥ እንዳስፈላጊነቱም አንጀቱን በመሣሪያ ማየት ይኖርበታል። እኛ የምንለው፥ አሜባ እንደሚጠረጠር ሁሉ መድኃኒቱም ከተጠርጣሪዎቹ መዝገብ አይቅር ነው።

ከአንቲባዮቲክ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ የሚያስቀምጥ ውሃ መሰል ተቅማጥ ከአንድ ቀን አልፎ ቢቀጥል፥ ወይም ደም፥ ትኩሳት፥ የሆድ መነፋት፥ ራስ ማዞር ቢጨመርበት፥ ወይም ዓይነ ምድር እንደ ሬንጅ ቢጠቁር ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው እንጂ መቆየት አይገባም። እስከዚያው ፈሳሽ መተካት፥ በተለይም ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን ሕይወት አድን ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ይጠቅማል። ተቅማጥን በግድ የሚያስቆም ክኒን ግን ሐኪም ሳያዝ አይወሰድ፤ መርዙን በአንጀት ውስጥ ሊያስቀረው ይችላልና። በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል። የዚህን ባክቴሪያ ዘር የአልኮል መጥረጊያ አይገድለውም።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን። ይህን ያነበበ ሰው ለልብ፥ ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለሌላ ከባድ በሽታ የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ እጁ እንዳያቆም። ጥርጣሬውን ላዘዘለት ሐኪም ይንገር፤ ማቆምም መለወጥም የሐኪሙ ፋንታ ነው።

መዝገብ ለራስም ይያዝ

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ለመሥሪያ ቤታቸው የገቢና የወጪ ደብዳቤ መዝገብ የሚይዙ ናቸው። አንዲት ማስታወሻ ብትጠፋ ቁጥሯንና ቀኗን ፈልገው ያገኛሉ። በገዛ አካላቸው የገባውን ግን ማን መዘገበው? በአንዲት ትንሽ ደብተር የመድኃኒቱን ስም፥ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፥ የተወሰደበትን ምክንያት መጻፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ስሙን መያዝ ያስቸገረው ሰው ማሸጊያውን አይጣለው። ሐኪም ዘንድ ሲሄድም ያለ ልዩነት ሁሉንም ያቅርብ፤ የጥርሱንም፥ የወገቡንም፥ ከጎረቤት ተበድሮ የዋጠውንም፥ ቤት ውስጥ ተቀምሞ የጠጣውንም።

ወዳጃችን ዛሬ ደኅና ሆኖ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሷል። በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ደብተር አለች፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለጥርስ» ተብሎ የተጻፈው መድኃኒት አለ፤ በአጠገቡም በቀይ ቀለም «የሆድም ነው» የሚል ታክሎበታል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መድኃኒቱን የረሳም ሰው በሽታውን እንደ ደበቀ ይቆጠራል።